ከጣሪያ የወረደ ውሃ የማን ነው?



ክረምት በገባ ቁጥር በየሰፈሩ አንድ ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ሲሰሙት ስለ ትልቅ ነገር አይመስልም፤ ስለ አሸንዳ፣ ስለ ቦይ፣ በአጥር ሥር ስለ ተከፈተ ቀዳዳ ነው። ከላይ ያለው ጎረቤት፥ ውሃ በተፈጥሮው ወደ ታች ይወርዳልና እኔ ምን ላድርገው ይላል። ከታች ያለው ደግሞ፥ ይህ ውሃ በተፈጥሮው ሳይሆን አንተ በተከልኸው ቱቦ ወደ ቤቴ ገባ ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም በበኩላቸው እውነት አላቸው፤ ነገሩ በቀላሉ የማያልቀውም ስለዚህ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ክርክር ምን ያህል የቆየ እንደ ሆነና ልዩ ልዩ ሕዝቦች በምን ዐይነት ሕግ እንደ ዳኙት እናወሳለን።

አስቀድመን የነገሩን መጠን በቁጥር እንየው። በአዲስ አበባ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በመካከለኛ ግምት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ የቤትዎ ጣሪያ 100 ካሬ ሜትር ቢሆን በዓመት 120,000 ሊትር ውሃ ከላዩ ይወርዳል ማለት ነው፤ ይህም ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 600 ጊዜ ይሞላል። ከቀትር በኋላ በመጣ አንድ ዶፍ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዘንብ እንኳ ዐሥር በርሜል ሙሉ ውሃ ይሆናል። በሲሚንቶ የተለሰነው ወይም በድንጋይ የተነጠፈው ግቢ ከዚህ ሒሳብ አልገባም። ዐሥር በርሜል ውሃ አንከባሎ በጎረቤቱ በር ላይ ሊደፋ የሚደፍር ሰው አይገኝም፤ በአሸንዳ ሲሆን ግን ብዙ ሰው ያደርገዋል፥ ጥፋት መሆኑም አይታሰበውም።

አሁን ወደ ጥንት ዘመን እንሂድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት በአቴና አገር ካሊክለስ የሚባል ሰው ጎረቤቱን በዝናብ ውሃ ምክንያት ከሰሰው። የተከሳሹ መልስ በታላቁ ተናጋሪ በዴሞስቴንስ ስም ከተጠበቁት ንግግሮች መካከል 55ኛው ሆኖ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በዚያ ዘመን በአቴና ተከራካሪ በዳኞች ፊት የሚናገረው ራሱ ነበር፤ ንግግሩን ግን ዐዋቂ ጽፎ ይሰጠዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንሰማው የአንድ ተራ ባለርስት ድምፅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሁለቱ ሰዎች መሬት በተራራማ አገር ሲሆን በመካከላቸው መንገድ ያልፋል። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አንዳንዴ መንገዱን ይዞ ይሄዳል፥ አንዳንዴም ወደ ማሳው ይሰብራል። የተከሳሹ አባት ቲስያስ መሬቱን በያዘ ጊዜ ውሃው እየሰበረ መግባቱን አይቶ በዙሪያው የድንጋይ ካብ ካበ። ከዚያ በኋላ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ኖሮ ሞተ። ካሊክለስ ክስ ያቀረበው ካበኛው ከሞተ በኋላ በልጁ ላይ ነው፤ ካቡ የውሃውን መሄጃ ስለ ዘጋው ጎርፉ ወደ እኔ ዞሮ ጐዳኝ ይላል። የጠየቀውም ካሣ በሕግ የተቆረጠ 1,000 ድራህማ ነበር፤ በዚያ ዘመን አንድ ድራህማ የአንድ ባለሙያ የቀን ደመወዝ ያህል እንደ ነበረ ሲታሰብ፥ የገንዘቡ ብዛት ይገባናል።

ተከሳሹ ያቀረበው መልስ ዛሬም በከተማችን ፍርድ ቤት ሊሰማ የሚችል ነው። አንደኛ፥ አባቴ ይህን ካብ ሲሠራ የከሳሹ አባትና ሌሎች ጎረቤቶች ዐይናቸው እያየ ዝም ብለዋል፤ ተቃውሞ ቢኖር ኖሮ ያን ጊዜ በተናገሩ ነበር አለ። ሁለተኛ፥ ቦታው የወንዝ መሄጃ ሳይሆን የተከለለ ርስት ነው፤ በውስጡ ወይንና በለስ ተተክሎበታል፥ ከእኛ በፊት የተቀበሩ ሰዎች መቃብርም አለበት፤ በጎርፍ መሄጃ ላይ ማን ወይን ይተክላል፥ ማንስ ሬሳ ይቀብራል ሲል ጠየቀ። ሦስተኛ፥ ከሳሹ ራሱ አጥሩን ወደ መንገዱ አስጠግቶ መንገዱን አጥብቦታል፥ የግቢውንም ጥራጊ ወደ መንገዱ እየጣለ ከፍ አድርጎታል አለ። ይህን ሦስተኛውን ነጥብ አንባብያን ልብ እንዲሉት እንለምናለን፤ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

ከሁሉ የሚያስገርመው የጉዳቱ ማስረጃ ነው። የሁለቱ ሰዎች እናቶች ጉድ ሳይፈላ በፊት ወዳጆች ነበሩ፥ እንደ ጎረቤት ይጠያየቁ ነበር። የተከሳሹ እናት አንድ ቀን ወደ ከሳሹ ቤት ሄዳ የከሳሹ እናት እያለቀሰች የደረሰውን ጉዳት ስታሳያት አየች። የራሰው ከሦስት መዲምኖስ ያልበለጠ ገብስ፥ በእኛ ልክ አንድ ኩንታል ገደማ ሲሆን እሱም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅ ነበር፤ ከዚህም ሌላ ግማሽ መዲምኖስ ያህል የስንዴ ዱቄት ነበር። አንድ የዘይት እንስራም ወድቆ ነበር፥ ነገር ግን አልተሰበረም። በዚህ ጉዳት 1,000 ድራህማ መጠየቁ፥ ተከሳሹ እንዳለው፥ ካሣ ፍለጋ ሳይሆን ርስቴን በክስ ብዛት ለመንጠቅ የታሰበ ተንኰል ነው። እኛ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ስለምናነብ በዚህ ነገር ላይ መፍረድ አይገባንም። ቢሆንም አንድ የማይካድ ነገር አለ፤ ሁለት እናቶች ገብስ አስጥተው አብረው ሲያዝኑ ልጆቻቸው በፍርድ አደባባይ ይካሰሱ ነበር።

ሰውየው ለዳኞቹ ያቀረበው ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ውሃውን ወደ ርስቴ አስገባሁት እንበል፥ ከዚያ ወዴት ልስደደው? ወደ መንገድ እንዳልመልሰው የሕዝብ መንገድ ነው፤ ወደ ሌላው ጎረቤት እንዳልሰደው እሱም ነገ ይከሰኛል፤ ጠጥቼ ልጨርሰው እንዳልችል የታወቀ ነው። ከዚህ ጥያቄ የበለጠ የዝናብ ውሃን ሕግ ችግር ያስረዳ ጽሑፍ አለ ብለን አናምንም። ውሃን ከራስ ላይ ማራቅ ማንም ይችላል፤ ማድረሻውን ማግኘት ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም።

ፈላስፋው ፕላቶን በዚያው መቶ ዓመት፥ በመጨረሻ ዕድሜው በጻፈው ሕግጋት በተባለው መጽሐፉ ይህን ችግር በሌላ መንገድ ተመለከተው። ዝናብ በዘነበ ጊዜ ከታች ያለው ሰው ውሃውን አላሳልፍም ብሎ ከላይ ያለውን ቢጐዳ፥ ወይም ከላይ ያለው በግዴለሽነት ለቆ ከታች ያለውን ቢጐዳ፥ ሁለቱ ካልተስማሙ በከተማ የከተማው ሹም፥ በገጠር የገጠሩ ሹም ተጠርቶ እያንዳንዱ ምን ማድረግ እንደሚገባው በቦታው ቆሞ እንዲወስን አዘዘ። የሹሙን ውሳኔ አልቀበልም ያለ ሰው በምቀኝነትና በክፉ ጠባይ ተከሶ የጉዳቱን እጥፍ ይከፍላል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አንባብያን ይህን ሐሳብ ሳይወዱት አይቀሩም፤ ምክንያቱም ነገሩን ከፍርድ ቤት አስቀድሞ ወደ አስተዳደር ያመጣዋል፥ ሹሙም በወንበሩ ላይ ሆኖ ሳይሆን ጭቃውን ረግጦ እንዲወስን ያስገድደዋል።

ሮማውያን ደግሞ እንደ ልማዳቸው ነገሩን በሕግ ቃል አጥርተው ያዙት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ በወጣው በዐሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ የዝናብ ውሃ ጉዳት ተጠቅሶ ነበር። ከዚያ የተወለደው ክስ ለብዙ መቶ ዓመታት በሕግ ዐዋቂዎች ሲብራራ ቆይቶ፥ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ533 ባወጀው ዲጄስታ በተባለው ስብስብ በ39ኛው መጽሐፍ ራሱን የቻለ ክፍል ተሰጠው። መሠረቱ ይህ ነው፤ ውሃው በተፈጥሮው የሚወርድ ከሆነ ከታች ያለው ይቀበላል፥ ክስ የለውም። የሰው እጅ የሠራው ነገር የውሃውን አወራረድ ለውጦ ጉዳት ካመጣ ግን ሠሪው ያፈርሳል ወይም ያስተካክላል። የታችኛው መሬት የላይኛውን ውሃ እንዲቀበል የሚያስገድዱት ነገሮች ሦስት ናቸው ተባለ፤ በመሬቱ ላይ የተደነገገ ውል፣ የቦታው ተፈጥሮና ከጥንት የቆየ ልማድ።

ይህ ክስ ለእርሻ መሬት ብቻ ነበር። በከተማ፥ በቤትና በቤት መካከል፥ ሌላ ሕግ ይሠራ ነበር፤ ለእኛም የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ሮማውያን ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ በሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ከክፈፉ ጠብ ጠብ እያለ የሚወርደው ጠፈጠፍ ነው። ሁለተኛው በአሸንዳ ተሰብስቦ በአንድ ቦታ የሚፈሰው ነው። ጠፈጠፍህን በጎረቤትህ ግቢ ላይ እንድታወርድ ፈቃድ ካለህ፥ የተሰበሰበውን ውሃ ማፍሰስም ተፈቅዶልሃል ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ለየብቻቸው የሚገኙ መብቶች ናቸው። ጳውሎስ የተባለው ሮማዊ የሕግ ዐዋቂ ከዚህም አልፎ፥ ቀድሞ ከሸክላ ክዳን ይወርድ የነበረ ጠፈጠፍ በኋላ ከሳንቃ ወይም ከሌላ ነገር እንዲወርድ ማድረግ እንደማይቻል ጽፏል። ቤቱን ከፍ ማድረግ ግን የጠፈጠፉን ጫና ያቀላል እንጂ አያከብድምና ይቻላል አለ። ከፍታው በእርግጥ ያቀላል ወይ ብሎ የሚጠራጠር ይኖራል፤ የክዳኑ ነገር ግን ወደ አገራችን ስንመለስ እንደምናየው እጅግ ብልህ አስተያየት ነው።

ሲሴሮ የተባለው ስመ ጥሩ ተናጋሪ ስለ ሕግ በጻፈው መጽሐፉ፥ ስለ ጠፈጠፍና ስለ ግድግዳ ሕግ መጽሐፍ መጻፍ ለእሱ ያነሰ ሥራ መሆኑን በንቀት ያነሣል። ሲሴሮ ብዙ ቤቶች ነበሩትና ጠፈጠፉን የሚከታተሉለት ሌሎች ሰዎች ነበሩ ብለን ብንገምት ሐሜት አይሆንብንም።

የሮማ ሕግ በናፖሌዎን ዘመን በ1804 በወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደ አዲስ ተጻፈ። በቁጥር 640 የታችኛው መሬት የሰው እጅ ሳይጨመርበት ከላይ የሚወርደውን ውሃ እንዲቀበል ታዘዘ፤ የታችኛው ሰው ግድብ እንዳይሠራ፥ የላይኛውም ሸክሙን እንዳያከብድ ሁለቱም ተከለከሉ። በቁጥር 681 ደግሞ ማንም ባለቤት የጣሪያው ውሃ በራሱ መሬት ወይም በሕዝብ መንገድ ላይ እንዲወርድ አድርጎ ቤቱን እንዲሠራ፥ በጎረቤቱ ላይ እንዳያወርድ ተደነገገ። ወደ ሕዝብ መንገድ የሚለውን ፈቃድ እናስተውል። የአቴናው ሰው ያጣውን ማድረሻ ሕጉ አሁን አገኘለት ማለት ነው፤ ሆኖም ሸክሙን ወደ ከተማው አዛወረው። ፓሪስ ይህን ሸክም ስትሸከም ኖራ በመጋቢት 1852 በወጣ ዐዋጅ፥ ከመንገዱ ሥር የፍሳሽ ቦይ ባለበት ሁሉ አዲስ የሚሠራ ቤት የዝናቡንና የቤቱን ውሃ ወደዚያ ቦይ እንዲያስገባ ግዴታ ገባበት። ባለቤቱ እስከ ቦይ ድረስ ያለውን መስመር፥ ከተማው ደግሞ ቦዩን ይሠራል፤ ሥራው በሁለት ተከፈለ።

በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ግን የተለየ ሐሳብ ነግሦ ነበር። የዝናብ ውሃ የጋራ ጠላት ነው፥ እያንዳንዱ እንደ ቻለ ከራሱ ላይ ይከላከል፥ ጎረቤቱም እንዲሁ ያድርግ የሚል ነው። ይህ ሕግ ለገበሬና ለሰፊ መሬት ተስማምቶ ሊሆን ይችላል። በ1956 በኒው ጀርዚ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቀረበው ነገር ግን ጉድለቱን አሳየ። አንድ የቤት ሥራ ኩባንያ በአንድ ሜዳ ላይ 186 ቤቶችን ሠርቶ፥ የጣሪያውንና የመንገዱን ውሃ ሁሉ በቱቦ ሰብስቦ ወደ አንዲት ትንሽ ወንዝ ለቀቀው። ወንዟ ሞልታ ከታች ያሉትን ሰዎች መሬት ትቦረቡር ጀመር። ፍርዱን የጻፉት፥ በዚያው ዓመት ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት የተሾሙት ዊልያም ብሬናን ነበሩ። ፍርድ ቤቱ የጋራ ጠላት የሚለውን ሐሳብ ትቶ፥ እያንዳንዱ ባለርስት ውሃውን በሚገባ መጠን እንዲያስተዳድር የሚጠይቀውን ሥርዐት ተቀበለ፤ ኩባንያውም ወንዙን በራሱ ወጪ በቱቦ እንዲያሳልፍ ተገደደ። የውሳኔው ቁም ነገር፥ ብዙ ቤት ሠርቶ የሚያተርፍ ሰው የውሃውን ወጪ በታችኛው ጎረቤት ላይ ሊጥል አይገባውም የሚል ነው። በጀርመን ከተሞች ይህ ሐሳብ እስከ ሒሳብ መክፈያ ደርሷል፤ ባለቤቱ ለዝናብ ውሃ የሚከፍለው ውሃ በማያሰርገው ጣሪያውና ንጣፉ ካሬ ሜትር ልክ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ይህ ክርክር ከውጭ የመጣብን አይደለም። በጎጃምና በሌሎችም ደጋ አገሮች ገበሬው ከዘራ በኋላ ውሃ እንዳይተኛበት በማሳው ላይ ዘንበል አድርጎ በማረሻ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ የእሱን እህል ያድናል፤ የተሰበሰበው ውሃ ግን በአንድ ጫፍ ሲወጣ የታችኛውን ሰው ማሳ ይቦረቡራል። ስለዚህ ፈሰስ በየት በኩል ይውጣ የሚለው ነገር የጎረቤት ጠብ ምክንያት ሲሆን ኖሯል፥ ሽማግሌም ያስቀምጣል። የሮማው የሕግ ዐዋቂ ይህን ቢያይ የሰው እጅ የሠራው ነው ወይስ የቦታው ተፈጥሮ ብሎ በጠየቀ ነበር፤ ሽማግሌዎቻችንም የሚጠይቁት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በከተማ ነገሩን የለወጠው ቆርቆሮ ነው። ጥርብ የለሽ ሆኖ በውሃ መልክ የተሞገደው የቆርቆሮ ክዳን በለንደን በ1829 እንደ አዲስ ሥራ ተመዘገበ። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ እንዲህ ያለ ከባድ ዕቃ ከባሕር ወደብ ማምጣት ቀለለ፥ የሣር ክዳንም ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ። የሣር ክዳን ዝናቡን መጥጦ ያዘገየዋል፤ ክቡ ቤትም ጠፈጠፉን በዙሪያው ሁሉ ያካፍለዋል። ቆርቆሮ ግን አንዲት ጠብታ አይዝም፤ የወረደውን ሁሉ በዚያው ቅጽበት በሁለት መስመር ይጥለዋል። አሸንዳ ሲጨመርበት ሁለቱ መስመር አንድ ነጥብ ይሆናል። ያው ቤት፥ ያው ዝናብ፥ ያው ጎረቤት ሆኖ፥ ክዳኑ ብቻ ስለ ተለወጠ ቀድሞ የማይሰማው ውሃ የግድግዳ መሠረት የሚያጥብ ሆነ። ጳውሎስ ክዳን መለወጥን የከለከለው ስለዚህ ነበር።

የአዲስ አበባም አቀማመጥ ነገሩን ያከብደዋል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፥ ቦሌ ግን 2,330 ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ ያለው ሕዝብ ሁሉ ለአንዱ የላይኛ፥ ለሌላው የታችኛ ጎረቤት ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ላይ ላለው ብቻ ወይም ታች ላለው ብቻ የሚያደላ ሕግ ቢወጣ፥ ተጠቃሚው ሰው በማግስቱ በሌላ ጎረቤቱ በኩል ተጐጂ ይሆናል።

በሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ረቂቅ ላይ የተመሠረተ ነው። በቁጥር 1225 ባለሀብት የሆነ ሰው ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጐዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ጭስን፣ ጥቀርሻን፣ መጥፎ ሽታንና ጩኸትን በስም ከጠራ በኋላ የአገሩ ልማድ፣ የቦታው አቀማመጥና የመሬቱ ጠባይ እንዲታይ ያዛል። ይህ የመጨረሻው ቃል ለዳኛው ሰፊ ሥልጣን ይሰጠዋል። የላይኛው ሰው ቤት ከመሠራቱ በፊት ውሃው በየት ይወርድ ነበር? አሸንዳው መቼ ተተከለ? ግቢው መቼ ተለሰነ? የታችኛውስ ሰው የቆየውን መፋሰሻ በካብ ዘግቷል ወይ? እነዚህን ሳይጠይቅ የሚፈርድ ዳኛ ሕጉ ያዘዘውን አላየም።

በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሀብት ሆነ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። ከዚህ ተነሥተው መሬቱ የእኔ ካልሆነ ውሃውም አይመለከተኝም የሚሉ ሰዎች ያጋጥማሉ። ይህ ክርክር አይረባም። ቤቱ፣ ክዳኑና አሸንዳው የባለቤቱ ናቸው፤ ውሃውን የሰበሰበውም መሬቱ ሳይሆን ክዳኑ ነው። የመሬት ባለቤት መለወጡ ውሃን ዳገት አላስወጣውም።

አሁን ወደ ፊት እንመለስበታለን ወዳልነው ወደ ካሊክለስ ጥራጊ እንመለስ። ባለቤቱ የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ሰብስቦ፥ በራሱ ግቢ በተሠራ ቦይ አሳልፎ፥ ወደ መንገድ ዳር ቦይ ቢያደርሰው ሥራውን ፈጽሟል። ነገር ግን ያ ቦይ በአፈር፣ በፌስታልና በቤት ጥራጊ ከተደፈነ፥ በሕግ የተለቀቀው ውሃ ያለ ሕግ ወደ ሦስተኛ ሰው ቤት ይገባል። ያን ጊዜ ማንን መክሰስ ይገባል? ከላይ ያለው ሰው ውሃውን ወደ መንገድ ሰደደ፥ ሕግ አልጣሰም። የመንገዱን ቦይ የሠራው አስተዳደር ሥራውን ሠርቻለሁ ይላል። ጥራጊውን የጣለው ሰው ደግሞ አንድ አይደለም፤ ሁሉም በየተራው በጨለማ ጥሎታል፥ የተጐዳውም ሰው ራሱ ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። በአቴና ችሎት የተነሣው የመንገድ መደፈን ነገር ዛሬም በእኛ ዘንድ ከጣሪያና ከአሸንዳ ክርክር ሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ክርክር ሁለት ሰዎች አሉት፥ ይህ ግን ከሳሽ እንጂ ተከሳሽ የለውም። ፕላቶን የከተማው ሹም መጥቶ ይይ ያለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። ሹሙ ሊመጣ የሚገባው ግን በግንቦት፥ ቦዩ ደርቆ ጥራጊው በዐይን ሲታይ ነው፤ በሐምሌ የመጣ እንደ ሆነ የሚያየው ውሃውን ብቻ ነው።